ኔት ለሚቆራረጥበት ሰው የሚሻለው የአይአርሲ ፕሮግራም የትኛው ነው?

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ዊኪፔዲያ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ወይም አንድ የክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ላይ ኮድ ለማዋጣት ካሰባችሁ፣ አንድ ቀን «ጥያቄህን አይአርሲ ላይ መጥተህ ጠይቅ» መባላችሁ አይቀርም፤ አይአርሲ (IRC) የቆየ የጽሑፍ ቻት ነው። ግራ መጋባቱ እዚያ ላይ ይጀምራል። ቴሌግራም ቢሆን አፑን አውርዶ ስልክ ቁጥር ማስገባት ነው፤ አለቀ። አይአርሲ ግን «አፑ ይሄ ነው» የሚባል ነገር የለውም። መግቢያ ፕሮግራሞቹ ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ስለራሳቸው ሲያወሩ ቀላል ነን ይላሉ።

ስለ አይአርሲ ራሱ ጥቂት ልበል። በፈረንጆቹ 1988 ያርኮ ኦይካሪነን ፊንላንድ ውስጥ፣ ኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የሠራው የጽሑፍ ቻት ነው። የአንድ ኩባንያ ንብረት አይደለም። ኔትወርኮቹ፣ ማለትም የተያያዙ ሰርቨሮች ስብስቦቹ፣ ብዙ ናቸው፤ አንዱ ላይ ያለ ሰው ሌላው ላይ ያለውን አያየውም። ስለዚህ ፕሮግራም ከመምረጣችሁ በፊት የምትፈልጉት ቻናል (የውይይት ክፍል) የትኛው ኔትወርክ ላይ እንዳለ እወቁ። ኡቡንቱ፣ ፓይተንና ዊኪሚዲያ ሊበራ ቻት ላይ ናቸው። ዴቢያን፣ ቶርና ኦፕንስትሪትማፕ ደግሞ ኦኤፍቲሲ ላይ። የቆየ መመሪያ «ፍሪኖድ ግቡ» ካላችሁ እለፉት። በ2021 የፍሪኖድ በጎ ፈቃደኛ ሠራተኞች በባለቤትነት ጉዳይ ተጣልተው ወጡና ሊበራን መሠረቱ። አብዛኞቹ ትልልቅ ፕሮጀክቶችም ተከትለዋቸው ሄዱ።

አይአርሲ ለእኛ የሚስማማ ጠባይ አለው። ስልክ ቁጥር አይጠይቅም። ዳታም አይበላም፤ የሚመላለሰው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ፎቶ መክፈት በማይችል ኔትወርክ ላይ እንኳን ይሠራል። ትንሿ የዳታ ፓኬጅ ለብዙ ቀን ቻት ትበቃለች።

አንድ ከባድ ጉድለት ግን አለው። የፕሮግራም ምርጫችሁን መወሰን ያለበትም እሱ ነው።

ዋናው ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ቴሌግራም ላይ ስልካችሁ ቢዘጋም መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ ይጠብቃችኋል። አይአርሲ ላይ በተለምዶ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ቻናሉ ውስጥ በሌላችሁበት ሰዓት የተባለ ነገር ለእናንተ አልተባለም ማለት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ጥያቄ ጻፋችሁ እንበል። 5 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ጥያቄውን የሚያውቅ ሰው 6 ሰዓት ላይ ቻናሉን ከፍቶ ሲያይ ስማችሁ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ለሌለ ሰው መልስ አይጽፍም። ቢጽፍም እናንተ 8 ሰዓት ላይ ስትመለሱ የምታዩት ባዶ መስኮት ነው።

አብዛኛው የንጽጽር ጽሑፍ ፕሮግራሞቹን የሚያወዳድረው በመልካቸውና በቁልፎቻቸው ብዛት ነው። እንዲህ የሚጽፉት ሰዎች ኔታቸው የማይጠፋ ይመስለኛል። እኔ ግን ፕሮግራሞቹን በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው ለሁለት የምከፍላቸው፦ እኔ ስጠፋ ቻናሉ ውስጥ በስሜ የሚቆይልኝ አለ ወይስ የለም? በአንድ ደቂቃ ተጭኖ የሚሠራ ፕሮግራም፣ መልሱን በየቀኑ የሚያሳጣችሁ ከሆነ ቀላል አይደለም።

በብሮውዘር መግባት

ያላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ከሆነ ምንም አትጫኑ። ሊበራም ኦኤፍቲሲም በብሮውዘር የሚከፈት የራሳቸው ዌብ ቻት አላቸው። ኪዊ አይአርሲ የሚባለውም ከብዙ ኔትወርኮች ጋር ያገናኛል። ስም ትጽፋላችሁ፣ ቻናሉን ትጽፋላችሁ፣ ገባችሁ። ታቡን ስትዘጉት ወጣችሁ። ስልክ ላይ ደግሞ ሌላ አፕ ስትከፍቱ ብሮውዘሩ ከጀርባ ይተኛና ግንኙነቱ ይቋረጣል። ለመሞከሪያ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ለመኖሪያ ግን አይሆንም።

ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑት

ዊንዶውስ ላይ ስሙ የታወቀው ኤምአይአርሲ ነው። ከ1995 ጀምሮ አለ፤ እስካሁንም ይታደሳል። ለ30 ቀን በነፃ ከሞከራችሁት በኋላ ከፍላችሁ እንድትመዘገቡ ይጠይቃል። ኃይለኛ ነው፤ የራሱ የስክሪፕት ቋንቋ ሁሉ አለው። ለጀማሪ ግን ምርጫው ይበዛል። እሱን የሚመስል ነፃ ነገር የፈለገ አዲአይአርሲን ይሞክር።

ሄክስቻትን ለየት አድርጌ ላንሳው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ቦታ «ለጀማሪ ምርጡ» እየተባለ ይጻፋልና። በእርግጥም ለዓመታት ምርጡ ነበር። ስትከፍቱት የኔትወርኮች ዝርዝር ይመጣል፣ ትመርጣላችሁ፣ ያስገባችኋል። ነገር ግን በ2024 መጀመሪያ አዘጋጁ የመጨረሻውን ቅጂ አውጥቶ ሥራውን አቁሟል። አሁንም ይጫናል፣ አሁንም ይሠራል። የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝበት ግን የሚደፍንለት የለም። ቀድሞ ያላችሁ በጥድፊያ ማጥፋት የለባችሁም፤ አዲስ ለሚጀምር ሰው ግን አልመክረውም።

ሊኑክስ ላይ ኮንቨርሴሽንን እመርጣለሁ። ኬዲኢ የሚባለውን የሊኑክስ ገጽታ የሚያዘጋጁት ሰዎች የሚሠሩት ነው። መስኮቶቹ ግልጽ ናቸው፣ ለማስተካከልም አያስቸግርም። ማክ ላይ ቴክስቱዋል ጥሩ ነው፤ አፕ ስቶር ላይ በክፍያ ነው። ኢሜይላችሁን በተንደርበርድ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም መፈለግ አያስፈልጋችሁም፤ ቻት የሚለው ክፍሉ አይአርሲን ያውቃል። ለሁለት ሦስት ቻናል በቂ ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን የሚኖሩት እናንተው ማሽን ላይ ነው። ላፕቶፑ ሲዘጋ እነሱም ይዘጋሉ።

አማርኛ ስትጽፉ

ይህን ክፍል ሌላ ቦታ ስለማታገኙት ትንሽ ልዘርዝረው።

አይአርሲ አማርኛ ይቀበላል። ቅጽል ስማችሁ በአብዛኞቹ ኔትወርኮች በላቲን ፊደል መሆን አለበት፤ መልእክቱ ግን በግእዝ ፊደል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ርዝመቱ ላይ ነው። በአይአርሲ ደንብ አንድ መልእክት ከነማስተላለፊያ መረጃው ከ512 ባይት መብለጥ የለበትም። የላኪው ስም፣ አድራሻውና የቻናሉ ስም ከዚያው ላይ ስለሚቀነሱ ለጽሑፉ የሚተርፈው 400 ባይት አካባቢ ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደሎችን በሚያስቀምጥበት ደንብ) ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሚጽፈው ሰው 400 ፊደል ሲያገኝ እናንተ የምታገኙት ከ130 እስከ 140 የሚሆን ነው። ሁለት መካከለኛ ዓረፍተ ነገር ማለት ነው።

ደህና ፕሮግራም ረጅሙን መልእክት ራሱ ቆርጦ በሁለት በሦስት መስመር ይልከዋል። ኋላ የማነሳው ዊቻት ይህን ያደርጋል። የማያደርግ ፕሮግራም ከሆነ ግን ትርፉ ተቆርጦ ይጠፋል። ቆረጣው ፊደል መሀል ላይ ካረፈ ደግሞ በመጨረሻው ፊደል ፋንታ የጥያቄ ምልክት ወይም ሳጥን ይመጣል። የመረጣችሁት ፕሮግራም የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ለራሳችሁ ስም ረጅም የአማርኛ መልእክት ላኩና ተመልሶ ሲመጣ እዩት።

ፊደሉ ተበላሽቶ ሲታያችሁ ደግሞ የብልሽቱ መልክ ራሱ መድኃኒቱን ይነግራችኋል። ሳጥን ሳጥን ብቻ ከሆነ የጎደለው ፎንት ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማን ወይም ኒያላን ምረጡ። ሌላ ቦታ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ። ምልክት የተለጠፈባቸው የላቲን ፊደሎች ተዝረክርከው ከመጡ ግን ፎንት መቀየር ዋጋ የለውም። ከላኪና ከተቀባይ የአንዳችሁ ፕሮግራም ዩቲኤፍ 8 ላይ አልተስተካከለም፤ ኢንኮዲንግ የሚለውን ቅንብር ፈልጉና አስተካክሉት። ለዚህ ነው በጣም ያረጀ ኤምአይአርሲ ከጓደኛ ፍላሽ ቀድታችሁ እንዳትጭኑ የምለው። ግእዝን ጨምሮ የዓለምን ፊደሎች የሚይዘውን ዩኒኮድን ሙሉ በሙሉ የተቀበለው ከሰባተኛው ቅጂ ጀምሮ ነው።

ተርሚናል በሚባለው ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ላይም አንድ ነገር ልብ በሉ። ተርሚናል ለሁሉም ፊደል እኩል ስፋት ነው የሚሰጠው። «ሠ»ን፣ «ጨ»ን የመሳሰሉ ሰፋፊ ፊደሎች እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲገቡ ከጎረቤታቸው ጋር ይነባበራሉ ወይም ጠርዛቸው ይቆረጣል። ይነበባል፣ ግን ዓይን ያደክማል። አማርኛ በብዛት የምትጽፉ ከሆነ መስኮት ያለው ፕሮግራም ይሻላችኋል።

ስልክ ላይ

አንድሮይድ ላይ ሪቮሉሽን አይአርሲና ጎጉማ አሉ። አይፎን ላይ ፓላቨር አለ፤ ጎጉማም እዚያ ይገኛል። ጎጉማ ያማረና ለዘመናዊ ቻት የቀረበ መልክ ስላለው ከቴሌግራም ለሚመጣ ሰው አይከብድም።

የስልክ ችግሩ ከአፑ አይደለም፣ ከስልኩ ነው። አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከጀርባ ያለውን አፕ ያቋርጠዋል። በሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ጋ ገብታችሁ አፑን ከቁጠባው ነፃ ማድረግ ትችላላችሁ፤ አንዳንድ ስልክ ላይ ይህም አይበቃም። አይፎን ደግሞ ከዚህም ይጠብቃል። በዚያ ላይ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ በተሻገራችሁ ቁጥር ግንኙነቱ ተቆርጦ እንደ አዲስ ይጀምራል። ቻናሉ ላይ «ገባ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ» የሚል መስመር ሲደረደር ሌላውን ሰው ያሰለቻል። አንዳንድ ቻናል ላይ ለጊዜው ያስግዳል። ስልክ ብቻውን ሳይሆን ከሚቀጥሉት በአንዱ ላይ ተደግፎ ነው የሚያምርበት።

በስማችሁ የሚቆዩት

እዚህ ላይ ነው ጊዜያችሁን ማጥፋት ያለባችሁ።

ከሁሉ የቀለለው አይአርሲክላውድ ነው። በኢሜይል አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ኔትወርኩን ትመርጣላችሁ፣ የቀረውን እሱ ይሠራል። ቻናሉ ውስጥ የሚቆየው የእነሱ ሰርቨር ነው። እናንተ በብሮውዘር፣ በአንድሮይድ ወይም በአይፎን ስትመጡ የተባለውን ሁሉ ከላይ ጀምሮ ታነባላችሁ። ላፕቶፑ ላይ የጀመራችሁትን ስልክ ላይ ትቀጥላላችሁ። ስማችሁ ሲጠራ ስልካችሁ ይጮኻል። ጉድለቱ ነፃው አካውንት ላይ ነው፤ ከወጣችሁ ከ2 ሰዓት በኋላ ያላቅቃችኋል። ለአጭር የመብራት መጥፋት ይበቃል፣ ለሌሊት ግን አይበቃም። የሚከፈልበት አካውንት ሁልጊዜ ይቆያል፤ ክፍያው ግን ወርሃዊና በዶላር ነው። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ያላችሁ በካርዳችሁ ትጨርሱታላችሁ። አዲስ አበባ ሆኖ ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ለሌለው ሰው ግን በሩ የተዘጋ ያህል ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ከፍሎ የሚሰጠው ስጦታ ቢኖር ይሄ አንዱ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ዘላውንጅ ነው። አገልግሎቱ ከአይአርሲክላውድ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ሰርቨሩ የራሳችሁ መሆኑ ነው። ነፃ ነው፣ በብሮውዘር ይከፈታል፣ መልኩም ደስ ይላል። ለመትከል ግን የሚሠራበት ኖድ ጄኤስ የተባለ ሶፍትዌርና ሁልጊዜ የሚበራ ማሽን ያስፈልጋል። እኔ የምወደው አካሄድ በጋራ ማድረግ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክበብ ወይም አምስት ስድስት የሆኑ ጓደኛሞች አንድ ትንሽ ሰርቨር ተከራይተው አንዱ ይተክለዋል፣ ለእያንዳንዱ ሰው አካውንት ይከፍታል። የተቀረው ሰው ስለ ሰርቨር ምንም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ አድራሻውን ከፍቶ ፓስዎርዱን ያስገባል። አንድ ነገር ግን ተነጋገሩ፦ ሰርቨሩን የያዘው ሰው የሁላችሁንም መልእክት ማየት ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ባውንሰር ይባላል። ባውንሰር ለዕድር ስብሰባ ሰው እንደ መወከል ነው፤ እናንተ ባትኖሩም እሱ ተቀምጦ ያዳምጣል፣ ስትመጡ ይነግራችኋል። የታወቁት ዜድኤንሲና ሶጁ ናቸው። የምትወዱትን ፕሮግራም፣ ኮንቨርሴሽን ይሁን ጎጉማ፣ በቀጥታ ከኔትወርኩ ጋር ሳይሆን ከባውንሰሩ ጋር ታገናኙታላችሁ። ጎጉማን የሠሩት ሰዎች ሶጁንም ስለሠሩ ሁለቱ ሲገናኙ በጣም ያምራል፤ ስልኩ ሁልጊዜ ሳይገናኝ እንኳን ማሳወቂያ ይደርሳል፣ ባትሪም ይቆጠባል። ዜድኤንሲን ከመረጣችሁ በየቻናሉ የሚይዘውን የመስመር ብዛት ከፍ አድርጉት። ሲጫን ያለው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ብዙ ወሬ ያለበት ቻናል ላይ ቶሎ ይሞላል።

ተርሚናል ለማይፈራ ሰው ደግሞ አሮጌው መንገድ ዛሬም ይሠራል። ከ1999 ጀምሮ ያለውን አይአርኤስኤስአይን ወይም ከ2003 ጀምሮ ያለውን ዊቻትን ሩቅ ሰርቨር ላይ፣ ስትወጡም ሥራውን በሚያስቀጥለው በቲማክስ ውስጥ ትከፍቱታላችሁ። ከዚያ የራሳችሁን ኮምፒውተር ብትዘጉትም እዚያ መሥራቱን ይቀጥላል። ከሩቁ ሰርቨር ጋር ለመገናኘት በተለመደው በኤስኤስኤች ፋንታ ሞሽን ከተጠቀማችሁ ኔቱ ጠፍቶ ሲመለስ ካቆማችሁበት ይቀጥላል፤ እንደገና መግባት አያስፈልግም። ሰርቨር ለመከራየት አቅም የሌለው ተማሪ ቲልዴ የሚባሉትን ማኅበረሰቦች ይይ። በጎ ፈቃደኞች የሚያስተዳድሯቸው የጋራ ማሽኖች ናቸው፤ የሼል አካውንት (በተርሚናል የሚገባበት) በነፃ የሚሰጡ አሉ። ስለራሳችሁ ጥቂት ጽፋችሁ ታመለክታላችሁ።

ማትሪክስ የሚባለው ሌላ የቻት መረብስ የሚል ይኖራል። በፊት ኤለመንት በሚባለው አፕ በኩል ሊበራ ውስጥ መግባት ይቻል ነበር፤ ታሪኩንም ያስቀምጥ ስለነበር ለእኛ ጥሩ መፍትሔ ነበር። ያ ድልድይ በ2023 ተዘግቷል። የቆየ ጽሑፍ ቢመክራችሁ ጊዜያችሁን አታጥፉ።

የትኛውንም ብትመርጡ

ከሰርቨሩ ጋር ስትገናኙ ፖርት (የመግቢያ ቁጥር) 6697ን ተጠቀሙና ግንኙነቱን የሚመሰጥረውን ቲኤልኤስ የሚለውን አብሩ። የድሮው 6667 ፓስዎርዳችሁንም ሳይቀር ሳይመሰጠር ነው የሚልከው። ቲኤልኤስም ቢሆን የሚጠብቀው በእናንተና በሰርቨሩ መካከል ያለውን መንገድ ብቻ ነው፤ አይአርሲ ምስጢር የምታወሩበት ቦታ አይደለም። ብዙ ኔትወርክ ላይ ካልተሸፈነ በስተቀር የአይፒ አድራሻችሁም (ኢንተርኔት ላይ የምትለዩበት ቁጥር) ለሌላው ሰው ይታያል።

ስማችሁን ኒክሰርቭ በሚባለው የኔትወርኩ የስም መዝጋቢ ላይ አስመዝግቡና ፓስዎርዱን ፕሮግራሙ ውስጥ ሳስል የሚለው፣ ሲገናኝ ራሱ በሚያስገባችሁ ቅንብር ላይ አስቀምጡት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ከዚያ በገባ ቁጥር ፓስዎርዱን በትእዛዝ መልክ በእጁ ይጽፋል። ትእዛዝ የሚጀምረው በስላሽ ነው፤ ከስላሹ በፊት አንዲት ክፍት ቦታ ከገባች ብዙ ፕሮግራሞች እንደ ተራ መልእክት ቆጥረው ቻናሉ ላይ ይለጥፉታል። ፓስዎርዱን መቶ ሰው ያየዋል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ትእዛዝ መጻፍም ያው ነው፤ ትእዛዞቹ የሚሠሩት በላቲን ፊደል ብቻ ነው። ሳስል ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ የሞባይል ደንበኛ በአንድ አይፒ ሲወጣ አንዱ ባጠፋው ሌላው ይታገዳል፤ እንዲህ ሲሆን ኔትወርኩ የተመዘገበውን ሰው በሳስል በኩል ሊያስገባው ይችላል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። አንድ ጥያቄ ያለው ሰው ዌብ ቻት። በሳምንት አንድ ሁለቴ የሚገባ ሰው የአይአርሲክላውድ ነፃ አካውንት፤ ሁለቷ ሰዓት ብዙ ታድናለች። በየቀኑ አብሯቸው የሚሠራ ሰው፣ ካርድ ካለው የአይአርሲክላውድ ክፍያ፣ ከሌለው ከጓደኞቹ ጋር ዘላውንጅ። ኮንቨርሴሽንና ኤምአይአርሲ ጥሩ የሚሆኑት ኔቱም መብራቱም ለማይጠፋበት ሰው፣ ወይም ከጀርባቸው ባውንሰር ለተከለ ሰው ነው።

ሰዓቱንም አስሉት። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚያደርጉበት ወቅት፣ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ሳን ፍራንሲስኮ እኩለ ሌሊት ነው። እዚያ ሰው ወደ ሥራ የሚገባው እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። መላሾቹ አሜሪካ ከሆኑ ማታ ጠይቁ፤ አውሮፓ ከሆኑ ረፋድ ላይ። «ጥያቄ ልጠይቅ?» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ጥያቄውን ራሱን በአንድ ጊዜ ጻፉት። አንዳንድ ቻናሎች ደግሞ የተባለውን ሁሉ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ገጽ ላይ በየቀኑ ያስቀምጣሉ፤ የኡቡንቱ ቻናሎች እንዲህ ናቸው። ኔቱ ጠፍቶ የተመለሰባችሁ ቀን ያንን ገጽ ክፈቱና ቅጽል ስማችሁን ፈልጉበት።